ከፊደል ቆጠራ እስከ ሂሳብ መዝገብ፦ የጎልማሶች ንባብ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በትምህርት ስማቸው ከጥንት የታወቀ ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ጠንቅቆ የተማረ ሁሉ መምህር ለመባል ከየአገሩ ወደዚያ ይጓዛል። ዙር አባም በዝማሬ መዋሥዕት ምስክርነቷ ትታወቃለች።

ለእነዚህ ጉባኤ ቤቶች መኖር የአካባቢው ገበሬ ውለታ ትልቅ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ለሚለው የቆሎ ተማሪ ከልጆቹ ጉርሻ እየከፈለ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ሊቃውንትን ያበላው ገበሬ አብዛኛው ራሱ ፊደል ሳይለይ ኖሯል። ደብዳቤ ሲመጣለት ቄስ ፈልጎ ያስነብብ፣ ውል ሲዋዋል ደግሞ በጣቱ ይፈርም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቤተ ክህነት ሥርዓት ተማሪው ገና በልጅነቱ ፊደል ይቆጥራል፤ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይለማመዳል፤ ከዚያም ዳዊት ይደግማል። ይህ የዓመታት ልፋት ነው። ሞፈርና ቀንበር ለያዘ ጎልማሳ ጊዜ አልነበረውም።

የመንግሥት ጥሪዎች

ጎልማሶችን ለማስተማር አገር አቀፍ ጥሪ የተላለፈው በ1948 ዓ.ም. ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ማስታወቂያ ዕድሜው ከ18 እስከ 50 የሆነ ማንበብ የማይችል ዜጋ ሁሉ አማርኛ ማንበብና መጻፍ እንዲማር ያዝዝ ነበር። ነገር ግን በገጠር አስተማሪም መማሪያ ቦታም ባለመኖሩ ትእዛዙ ከከተማ ብዙ አልራቀም።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ዘማቾቹ ከመሬት አዋጁ ቀጥሎ ገበሬውን በማኅበር ሲያደራጁ ፊደልም አስተማሩ።

ትልቁ እርምጃ የተወሰደው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ነው። ትምህርቱ በመጀመሪያ በ5፣ ኋላም በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ። የገበሬ ማኅበራት ተማሪ መዘገቡ፣ ዳስ ጣሉ፤ አባት ከልጁ ጋር አንድ ሰሌዳ ፊት ተቀመጠ። ኢትዮጵያም በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘች።

ጉድለቱም መነገር አለበት። በክረምቱ ዙር ገበሬው ቀን በአረምና በጉልጓሎ ሲደክም ውሎ ነው ሰሌዳ ፊት የሚቀመጠው። በአንዳንድ ቦታም ትምህርቱ በግዴታ ተሰጥቷል። ከሁሉ በላይ፣ ከፈተናው በኋላ የሚያነብበው ጽሑፍ ያላገኘ ጎልማሳ ፊደሉን መልሶ ረሳ። በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ ጉናንና ደብረ ታቦርን ሲያዳርስ ደግሞ በአካባቢው ረጋ ብሎ መማርም ማስተማርም አዳጋች ሆነ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ዘመቻው አበቃ።

ንባብ ከሥራ ጋር

ከዘመቻው የተገኘው ትምህርት፣ ጎልማሳ የሚያጠናው ዕለት ተዕለት የሚጠቀምበትን መሆኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂና በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የቆሙት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ንባብ፣ ጽሕፈትና ስሌት ከግብርና፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ሥራ ጋር ተያይዘው ይሰጣሉ።

በኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ይህ ጉዳይ የመብት ጉዳይም ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 አባሉ የቱንም ያህል ዕጣ ቢኖረው አንድ ድምፅ ብቻ እንዲኖረው ደንግጓል፤ ይህ መርህ በኋላም ጸንቷል። ነገር ግን ድምፁ ትርጉም የሚኖረው አባሉ የሚወስንበትን ነገር ሲያውቅ ነው። የኦዲት ሪፖርት በጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ ማንበብ የማይችል አባል ያለው አማራጭ አንባቢውን ማመን ብቻ ነው። የማዳበሪያ ብድር ወረቀት ላይ የሰፈረውን፣ እህሉ ሲመዘን የተጻፈለትን ደረሰኝ፣ በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ያለውን የአዋሳኝ ስም ራሱ የሚያነብ አባል ግን ስህተት ሲያይ «ይታረም» ይላል። ሐቀኛ ሂሳብ ሹምም ቢሆን ከሐሜት የሚድነው መዝገቡን ብዙ ዓይን ሲያየው ነው።

ማኅበራት ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልጋቸውም። የማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ፣ አንድ ሰሌዳ፣ ሥራ የሚቀንስበት ወቅትና የማኅበሩ ደረሰኝ ራሱ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ይበቃሉ። የቤተ ልሔምን ተማሪ ለዘመናት ሲመግብ የኖረ ገበሬ ለራሱም ንባብ ይገባዋል።