«ባውድለራይዝ»፤ የአንድ ግሥና የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ

ከሰው ስም የተወለዱ ግሦች በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህም አንዱ በዕለት ንግግር እምብዛም የማይሰማው፣ በአርታኢዎችና በሐያስያን ጽሑፍ ውስጥ ግን አልፎ አልፎ የሚገኘው «ባውድለራይዝ» የተባለው ግሥ ነው። ትርጕሙም ከአንድ ድርሰት ውስጥ ለጨዋ ጆሮ አይስማሙም የተባሉትን ቃላትና ክፍሎች አውጥቶ ሥራውን ለንባብ ማቅረብ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከማሳጠርም ሆነ ከሳንሱር ይለያል። የሚያሳጥር ሰው የሚያስበው ስለ ርዝመት ነው፤ ሳንሱር የሚያደርገውም በሥልጣን ያዛል። ባውድለራይዝ የሚያደርግ ግን በቅን ልቡና አንባቢን እጠብቃለሁ ሲል ድርሰቱን የሚጎዳ ነው። በቃሉ ውስጥ የፌዝ ቃና የሚሰማውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የነገሩ መነሻ በምዕራብ እንግሊዝ፣ በባዝ ከተማ አጠገብ ይኖር የነበረው የባውድለር ቤተ ሰብ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ ቤት አባወራ የሼክስፒርን ተውኔቶች ለልጆቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። ተገቢ አይደለም ከሚለው ቃል ሲደርስም ንባቡን ሳያቋርጥ ዘሎት ያልፍ ስለ ነበር፣ ልጆቹ የጎደለ ነገር መኖሩን አያውቁም ነበር። ልጁ ቶማስ ባውድለር ካደገ በኋላ ይህን በምስጋና አስታውሶ ጽፏል።

እ.ኤ.አ. በ1807 «የቤተ ሰብ ሼክስፒር» የሚል መጽሐፍ በባዝ ከተማ ታተመ። 20 ተውኔቶችን የያዘ ባለ 4 ቅጽ ሥራ ሲሆን፣ ያዘጋጀው ሰው ስም አልተጻፈበትም። በ1818 ደግሞ ሌሎቹ ተውኔቶች ተጨምረው በ10 ቅጾች ወጣ፤ በዚህ ጊዜ የቶማስ ባውድለር ስም በግልጽ ሰፈረበት። ቶማስ በሕክምና ትምህርት የተመረቀ፣ ነገር ግን ሙያውን ትቶ በእስር ቤቶች መሻሻል ጉዳይ የደከመ ሰው ነበር። መጽሐፉ በዋናው ጽሑፍ ላይ ምንም ቃል እንዳልተጨመረ፣ በቤተ ሰብ ፊት ሊነበብ የማይገባው ብቻ እንደ ወጣ በርእስ ገጹ ያስታውቃል።

ሆኖም ሥራው እንደ ታሰበው ቀላል አልሆነም። በሁለተኛው የ«ሄንሪ 4ኛ» ክፍል ያለችው ዶል ቴርሺት የተባለች ሴተኛ አዳሪ ከነጭራሹ ተሰርዛለች። በአማርኛ አንባቢ ዘንድ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጕም የታወቀው «ኦቴሎ» ግን አልታረም አለ፤ የቅናቱን ነገር ካወጡት ታሪኩ ራሱ ይፈርሳልና። ስለዚህ ባውድለር ይህ ተውኔት ከእንግዳ መቀበያው ክፍል ተነሥቶ በግል ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል እስከ ማለት ደረሰ።

አባትዮው ሲያነብ ሙሉው መጽሐፍ በእጁ ነበረ፤ ልጆቹም አድገው የዘለለውን ለማንበብ ይችሉ ነበር። የታረመውን እትም ብቻ ያገኘ አንባቢ ግን የተወሰደበትን ነገር መጠርጠሪያ እንኳ የለውም። የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

ቶማስ ባውድለር በ1825 ሞተ። በዚሁ ዘዴ ያረመው የጊበን የሮማ መንግሥት ታሪክም በ1826 ታተመ። ግሡ በጽሑፍ የታየው ከሞቱ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1836 ነው፤ የፓርላማ አባል የነበረው ቶማስ ፔሮኔት ቶምፕሰን ከልክ ያለፉ መንፈሳውያን ነን ባዮችን ለመንቀፍ ተጠቀመበት። በአንጻሩ ባለቅኔው ስዊንበርን በ1894 ባውድለርን ደግፎ ተከራከረ፤ ሼክስፒርን ለሕፃናት እጅ ያበቃ ሰው ምስጋና እንጂ ፌዝ አይገባውም አለ። መዝገበ ቃላት ያጸናው ግን ፌዙን ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተደረገው ምርምር ደግሞ ሌላ የወጣ ነገር መኖሩን ገለጠ። የ1807ን እትም ያዘጋጀችው የቶማስ እኅት ሄንሪዬታ ማሪያ ባውድለር ነበረች። በዚያ ዘመን ያላገባች ወይዘሪት የሼክስፒርን ነውር ለይታ አወጣሁ ብትል፣ ነውሩ ገብቷታል ማለት ነበርና ስሟን መግለጽ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ከሼክስፒር ላይ የተደረገው በእርሷም ላይ ተደረገ፤ ለጨዋነት ሲባል ስሟ ከገጹ ቀረ፣ አንባቢውም የጎደለውን አላወቀም። ከመቶ ዓመት በላይ ምስጋናውም ፌዙም የወንድሟ ብቻ ሆኖ ኖረ።

የጽሑፍ ሥራ በእጁ የሚያልፍ ባለሙያ ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ቁም ነገር አለ። ማሳጠርም መምረጥም የማይቀር የሙያው ክፍል ነው፤ ለሕፃን የሚዘጋጀውና ለሊቅ የሚዘጋጀው አንድ ሊሆን አይችልም። ጉዳቱ የሚመጣው የተቆረጠው ምን እንደ ሆነ፣ የቆረጠውም ማን እንደ ሆነ ሳይነገር ሲቀር ነው።

በእንግሊዞች ልማድ ወንድምና እኅት በአንድ የቤተ ሰብ ስም ይጠራሉ። «ባውድለራይዝ» የተሠራው ከዚሁ የጋራ ስም እንጂ ከቶማስ አይደለም። ስለሆነም መዝገበ ቃላት የእኅትየዋን ድርሻ ለመመለስ ቢፈልግ፣ ማብራሪያውን ማረም እንጂ ቃሉን መለወጥ አያስፈልገውም።