በጅብ ጆሮ ላይ ያለ ጉትቻ

ባሕር ማዶ የሚኖር አንድ ወዳጄ ለዕረፍት ሲመጣ አንድ ወፍራም የጨዋታ መጽሐፍ አሳየኝ። ጨዋታው ጠረጴዛ ከብበው፣ ዕጣ እየጣሉ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ምናባዊ ሰው ሚና ይዞ ታሪኩን የሚኖርበት ነው። «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ተጫዋቹ አስቀድሞ ዘር ይመርጣል፤ ሰው፣ ኤልፍ ወይም ድንክ ይሆናል። እያንዳንዱ ዘር ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚወድና ማንን እንደሚጠላ የሚያወሳ ታሪክ አለው።

ድንኮቹ በተራራ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። ሥራቸው ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ተረት የተወረሰ ነው፤ በዚያ ተረት ቶር ለተባለው አምላክ መዶሻውን የሠሩለት ድንኮች ናቸው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በ1937 እ.ኤ.አ. በታተመው «ዘ ሆቢት» ዳግም ነፍስ ዘራባቸው። በ1974ቱ የጨዋታ ሕግ ድንክነትን የመረጠ ሰው ተዋጊ እንጂ አስማተኛ መሆን አይችልም፤ ተዋጊም ሆኖ ከ6ኛ ደረጃ አያልፍም። ምክንያቱ ድንክ መሆኑ ብቻ ነው።

ወዳጄ ይህን እየሳቀ ሲያነብልኝ እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ሕጉን ከዚህ በፊት የማውቀው መሰለኝ።

የተወለድሁት ስማዳ ነው። በልጅነቴ ሸክላ ሠሪዋ ሴት ከገበያው ዳር፣ ከሰው ራቅ ብላ ትቀመጥ ነበር። እናቴ ምጣዱንና እንስራውን ከእርሷ ትገዛለች፤ ስንመለስ ደግሞ በእርሷ ፊት እንዳንበላ ታስጠነቅቀናለች። ከልጆች አንዱ በድንገት ቢታመም «ቡዳ በላው» ይባላል። ያጥኑታል፣ ያስለፈልፉታል። ሲለፈልፍ የሚወጣው ስም የሸክላ ሠሪዋ ወይም የቀጥቃጩ ነው፤ የገበሬ ስም ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

የእኛም ተረት እንደዚያ መጽሐፍ የተሟላ ነው። ጠይቡ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዐይኑ ይበላል፤ ባሕርዩም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ለማስረጃ የሚጠቀሰው ተረት፣ አንድ ጅብ ሲገደል ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ቡዳ በሰፊው ጽፏል። ስለዚህ በልጅነቴ የሰማሁት ወሬ ከአያቶቼ አያቶች ዘመን የሚቀድም ነው። ያን ጉትቻ ግን «አየሁ ያለ ሰው ነገረኝ» የሚል እንጂ «በእጄ ይዤዋለሁ» የሚል እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ታዲያ ተረቱ ከየት መጣ? እኔ የሚመስለኝ ከመሬቱ ነው። በቀድሞው ሥርዓት የሰው ክብር ርስቱ ነበር። ርስት የሌለው ከእሳትና ከጭቃ ጋር ታግሎ ያድራል። በበጌምድርና በሰሜን ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን በሃይማኖታቸው ምክንያት የርስት መብት ተነፍገው በቅጥቀጣ፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ ኖረዋል፤ ቡዳ የሚለው ስምም ተለጥፎባቸዋል። አስቀድሞ መሬቱ ተወሰደ፤ በሥራውም መናቅ ተከተለ። ንቀቱ ምክንያት ሲያጣ ተረቱ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። በቀጥቃጩ ማረሻ አርሰን፣ በማጭዱ አጭደን፣ እህሉን እኛ እየበላን እርሱን «ሰው በላ» አልነው።

ይህ ነገር ነገሥታቱንም ገጥሟቸዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲሹ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አሠሩ። በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል ተቀልጦ ወጣ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በእኛው ጋይንት አልፎ፣ የጨጨሆን አቀበት ወጥቶ፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ መቅደላ እስኪደርስ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያሰለፈው ብረት ነው፤ ብረት የሚያቀልጠው ያገሩ ሰው ግን በዚያው መንገድ ዳር «ጅብ» ይባል ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሳደበውን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ በአዋጅ የሚከለከል ያህል የተስፋፋ ነበር ማለት ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የተረቱ ሥር ተነቀለ፤ ግንዱ ግን አልወደቀም።

ተረቱን አሻፈረኝ ያሉ ሰዎችም ከዚሁ ምድር ወጥተዋል። የክብር ዶክተር ዙምራ ኑሩ የእስቴ ተወላጅ ናቸው። በ1964 ዓ.ም. በፎገራ በመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ የተናቀው ሽመና ዋና መተዳደሪያ ሆነ፤ ወንድ ይፈትላል፣ ሴት ትሸምናለች። ማኅበረሰቡ በደርግ ዘመን ቀዬውን ለቅቆ እስከ ቦንጋ ተሰዶ ነበር፤ ሲመለስም ጥበቡን አልተወም።

ያ የጨዋታ መጽሐፍም ዝም ብሎ አልቀረም። አዘጋጆቹ በትውልዱ ክፉ የሆነ ዘር መኖሩ ያሳፍራል ብለው ሕጎቻቸውን ሲከልሱ ቆይተው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. እትማቸው «ዘር» የሚለውን ቃል በ«ዝርያ» ተኩ። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ቀናሁ። እነርሱ በዓለም ላይ ለሌለ ፍጡር ክብር ሲሉ መጽሐፋቸውን አርመዋል። እኛ በስሟ የምናውቃት ሴት አለችን።

ዛሬ ጋይንት ውስጥ በባንክ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ የቁጠባ ሒሳብ ሊከፍቱ መስኮቴ ፊት ቆሙ። እጆቻቸው በእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ ተዥጎርጉረዋል። ቅጹን እየሞላሁ «አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አልኋቸው። ወደ ኋላ ዞረው የተሰለፈውን ሰው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ገበሬ ብለህ ጻፈው ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ቆይተውም፣ «መሬትም እኮ አለኝ፤ ውሸት አይደለም» አሉ።

ገበሬ ብዬ ጻፍሁ። ሌላውን ቃል የምጽፈው እርሳቸው ጮክ ብለው ሲነግሩኝ ነው፤ እርሳቸው ጮክ ብለው የሚነግሩኝም ከኋላቸው የተሰለፍነው ሰዎች ስንለወጥ ነው።