የስንዴዋ ቅንጣትና የጉራጌ ጓሮ

በቀዳም ሥዑር ቄጤማ ለምን ይታደላል ቢባል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ ሰው መልሱን ለማግኘት አይቸገርም። የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችው ርግብ ለምለም ቅጠል ይዛ ነበርና፣ ካህናቱም የሞት ዘመን ማለፉን በለምለም ቄጤማ ያበሥራሉ። በሆሳዕና ዘንባባ፣ በስቅለት የወይራ ጥብጠባ አለ። ቡና ውስጥ ጣል የምናደርገው ጤና አዳም እንኳ ስሙ የዘፍጥረቱን አባት ይጠራል። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ዕፅዋትን እንደ መጽሐፍ ማንበብ የጀመረው ትናንት አይደለም።

ልማዱ የጽሑፍ ታሪክም አለው። «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመልሷል። የእንስሳትን፣ የዛፎችንና የድንጋዮችን ጠባይ እየተረከ ወደ ክርስቶስ፣ ወደ ነፍስና ወደ ሰይጣን ምሳሌነት ይዞራል። የተፈጥሮ ዕውቀቱ ብዙ ቦታ ተረት ነው፤ ግን ማንም ስለ ዛፉ ብሎ አላነበበውም። በኋላ የመጡት የአንድምታ መምህራን ደግሞ አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሁለትና ሦስት ትርጉም አወጡለት። የወንጌሏ የሰናፍጭ ቅንጣት በጾም ወቅት ስልጆ ለሚበላ ሰው ሩቅ ነገር አልነበረችም፤ ምሳሌውም ምላሱ ላይ ነበረ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በዘመነ ጽጌ ደግሞ ማኅሌቱ ሁሉ በአበባና በፍሬ ምሳሌ ይሞላል። እመቤታችን አበባ፣ ልጇ ፍሬ ይባላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጻሕፍቱ ዕፅዋት ስንዴ፣ ወይን፣ በለስና ሮማን ናቸው። ከሜዲትራኒያን አገር ከመጽሐፉ ጋር አብረው የመጡ ናቸው። ስንዴና ገብስ የሚያርሰው ደጋ ስለ ስንዴ ቅንጣት ሲሰበክለት አስተርጓሚ አይፈልግም። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወርዶ ወልቂጤ፣ ወይም በሌላው መስመር ቡታጅራ አካባቢ ለደረሰ ሰባኪ ግን ከቤቱ ጀርባ የሚጠብቀው ተክል ሌላ ነው።

እንሰት ነው። የሰሜኑ ሰው ኮባ ብሎ ዳቦ ይጋግርበታል፤ ጉራጌ ቆጮውን፣ ቡላውንና አሚቾውን ይበላዋል። ስንዴ በጥቂት ወራት ይታጨዳል፤ እንሰት ግን ቦታው እየተቀያየረ፣ ፍግ እየበላ ዓመታትን ይጠብቃል። አበባ የሚያወጣው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይሞታል።

የሚራባበት መንገድ ደግሞ ሰባኪ ቢፈልገው የማያጣው ነው። ገበሬው አንዱን ተክል ቆርጦ ይጥልና አሚቾውን ያወጣል። የመሐል እምብርቱን፣ ማለትም ወደ ላይ የሚያድግበትን ቦታ፣ ቦርቡሮ ይጥለዋል። ከዚያ ይቀብረዋል። ላየው ሰው የተገደለ ተክል ነው። ከወራት በኋላ ግን በዚያው መቃብር ዙሪያ በርካታ ችግኝ ይፈላል፤ ከአንድ ሥር መቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ስለ ወደቀችው የስንዴ ቅንጣት በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረውን ለጉራጌ ገበሬ ማስረዳት የሚፈልግ ሰው ከጓሮው መውጣት አያስፈልገውም። እንዲያውም እዚህ ቀባሪው ራሱ ገበሬው ስለሆነ ምሳሌው ይበልጥ ይነካል። ሴቲቱ በዱቄት ውስጥ ስለ ሸሸገችው እርሾ የተነገረውም እንደዚያው ነው። የጉራጌ እናት የፋቀችውን እንሰት በቅጠል ጠቅልላ ጉድጓድ ውስጥ ትሸሽገዋለች፤ ለወራት ማንም ሳያየው ይብላላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ እንሰት ለምን ወደ መጽሐፉ አልገባም?

አንዱ ምክንያት ጂኦግራፊ ነው። የአንድምታና የማኅሌት ጉባኤ ቤቶች የደመቁት በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ነው። ጉራጌ ክርስትናን ዘግይቶ አልሰማም። ትውፊቱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዐምደ ጽዮን ጊዜ ከሰሜን ከዘመተው ከአዝማች ስብሐት ሠራዊት ጋር ያያይዘዋል፤ ሙኽር ኢየሱስና በሶዶ ያለው ምድረ ከብድ አቦ የድሮ ደብሮች ናቸው፤ የሶዶ ሰው ራሱን «ክስታኔ» ብሎ የሚጠራው ከዚሁ ነው። (በምድረ ከብድ የሚታሰቡት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ምግብ አልቀመሱም የሚባሉ ጻድቅ መሆናቸው፣ ከረሃብ ጋር ባለው ታሪኩ በሚታወቅ ተክል አገር፣ ሌላ አስገራሚ ነገር ነው።) ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት በኋላ ግን ከሰሜኑ ቤተ ክህነት ጋር የነበረው ገመድ በብዙ ቦታ ላላ። መጽሐፉ ሲርቅ መስቀል ቀረ። የመስቀል ክትፎ ደግሞ እስከ ዛሬ በኮባ ቅጠል ላይ ቀርቦ በቆጮ ይበላል። ክርስትናውን ለትውልድ ያሻገረው ከብራናው ይልቅ ጓሮው ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ጥርጣሬ ሳይሆን አይቀርም። የእንሰት ጓሮ በቀድሞው እምነት ጥላ ሥር ነበር። የነጎድጓዱ አምላክ ቦዠ ንብረትን ከሌባ ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከምኒልክ ጦር በኋላ የመጣው ካህን በዚህ ጓሮ ውስጥ ወንጌልን ሳይሆን ባዕድ አምልኮን ቢያይ አይገርምም። ያስተማረውም ይዞት በመጣው ስንዴ ነው። ሕዝቡን ከተክሉ ጋር አስተሳስሮ «የእንሰት ባህል ሕዝብ» የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊሊያም ሻክ ነው። ከደብተራ ይጠበቅ የነበረውን የውጭ ሰው ሠራው።

ጓሮው የክርስቲያኑ ብቻ አለመሆኑም አይዘንጋ። ቡታጅራም ሆነ ወልቂጤ አካባቢ ሙስሊሙ ያንኑ እንሰት ይተክላል፤ ያንኑ አሚቾ ይቀብራል። ከዚያው ሥር የራሱን ትምህርት ቢያወጣ የሚከለክለው የለም።

አሁን ግን ጊዜው እየጠበበ ነው። በብዙ ጓሮ እንሰቱ ለጫትና ለባሕር ዛፍ ቦታ እየለቀቀ ነው፤ ሁለቱ ፈጥነው ገንዘብ ያመጣሉ፣ እንሰት ግን ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ወጣቱም አዲስ አበባ ነው። በዚያ ላይ አጠውልግ አለ። ይህ የባክቴሪያ በሽታ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን እስከ ዛሬ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። የታመመው ተነቅሎ ይወገዳል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ዋነኛ አሻጋሪው ደግሞ የገበሬው የራሱ ቢላዋ ነው፤ ስለዚህ የታመመውን የቆረጠበትን ቢላዋ በእሳት ሳያነድ ጤነኛውን እንዳይነካ ይመከራል።