በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራ ለምታስመጡ፦ «ኤፍዲኤን እንከታተልላችኋለን» የሚላችሁን ድርጅት እንዴት ትመርጣላችሁ?

ስለ ምግብ ማስመጣት በቪዲዮ ካወራሁ በኋላ በብዛት የደረሰኝ ጥያቄ «ደንቡን የሚከታተልልን ድርጅት የቱን እንቅጠር?» የሚል ነው። በቪዲዮ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ አስቀምጣችሁ እንድትመለሱበት በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ታክሲ ነጂ ነኝ። የማወራው አንብቤና ጠይቄ የደረስኩበትን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የኤፍዲኤ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ላይ ነው። ተሳፋሪ አውርጄ ወደ ጆርጂያ አቬኑ ሱቆቻችን ስመለስ መንገዱ ካልተዘጋጋ ብዙ አይፈጅብኝም። እንዲህ ጎረቤት ሆነን ደንቡን የምንሰማው ዕቃችን ደለስ ላይ ሲያዝ ነው።

አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ወዳጄ አለ። የአክስቱ ልጅ ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ ይልካል። «ስምህን ብቻ ስጠኝ፣ ሌላውን እኔ እጨርሳለሁ» አለው። እሱም ሰጠ። አንድ ድርጅት ገንዘብ ተቀብሎ ወርቃማ ማህተም ያለበት «የኤፍዲኤ ሰርተፊኬት» ላከለት፣ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ዓመት ሳይሞላ ከኤፍዲኤ ደብዳቤ መጣ፦ አቅራቢህን እንዴት እንዳረጋገጥክ መዝገብህን አሳይ። ሰርተፊኬቱን ላከ። መልሱ «ይህ የጠየቅነው አይደለም» ሆነ። ድርጅቱ ዘንድ ሲደውል «ውላችን ምዝገባ ብቻ ነው» አሉት።

አምስቱ የተለያዩ ሥራዎች

ወዳጄን የጎዳው እነዚህን ማምታታቱ ነው። ድርጅት ስታናግሩ የትኛውን እንደሚሠራ ለይታችሁ ጠይቁ።

1. የፋብሪካ ምዝገባ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያመርተው፣ የሚያሽገው ወይም የሚያከማቸው ድርጅት ኤፍዲኤ ዘንድ ይመዘገባል። ሙሉ ቁጥር በሆነ ዓመት (2024፣ 2026...) ከኦክቶበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 ይታደሳል። ምዝገባው ነፃ ነው፤ ኤፍዲኤ የምዝገባ ሰርተፊኬት የሚባል ነገር አይሰጥም።

2. የአሜሪካ ወኪል። የውጭው ፋብሪካ እዚህ አገር መልእክት የሚቀበልለት ሰው ነው። ወኪል መሆን ብቻውን አስመጪ አያደርግም።

3. ቅድመ ማስታወቂያ። ዕቃው በአውሮፕላን ከሆነ ከመድረሱ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በመርከብ ከሆነ 8 ሰዓት ቀድሞ ለኤፍዲኤ ይነገራል።

4. የጉምሩክ ሥራ። እኛ ትራንዚተር የምንለው ነው። ዕቃችሁን ያስወጣል እንጂ ንጽሕናውን አያረጋግጥም።

5. የውጭ አቅራቢን ማረጋገጥ፣ በእነሱ አጠራር ኤፍኤስቪፒ። በ2011 ፕሬዚዳንት ኦባማ ከፈረሙት የምግብ ደኅንነት ሕግ የመጣ ሲሆን ከሜይ 30፣ 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። አስመጪው ከምግቡ ሊመጣ የሚችለውን አደጋ አጥንቶ፣ አቅራቢው እንደሚቆጣጠረው አረጋግጦ በጽሑፍ ይይዛል።

አምስተኛው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ዕቃ ሲገባ የአስመጪው ስም፣ ኢሜይልና ደንስ የሚባለው መለያ ቁጥር ይሞላል። ከጁላይ 24፣ 2022 ወዲህ በቁጥሩ ቦታ «አይታወቅም» ብሎ መሙላት ቀርቷል። ስለዚህ «ስምህን ብቻ ስጠኝ» ማለት ተጠያቂነቱን ውሰድልኝ ማለት ነው።

የእኛ ምግብ ምን አለበት?

ኤፍዲኤ በ2013 ባወጣው ጥናት ከውጭ ከገቡት የቅመም ጭነቶች 7 በመቶ በሚጠጋው ላይ ሳልሞኔላ ተገኝቷል፤ ይህም ከሌሎች ከውጭ ከሚገቡ ምግቦች እጥፍ ገደማ ነው። በርበሬያችን ከዚያ ጎራ ነው፦ ሜዳ ላይ ይሰጣል፣ ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፣ ይፈጫል። በ2023 ደግሞ ቀረፋ የገባበት የታሸገ የፖም ምግብ እርሳስ ተገኝቶበት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተጎዱ። ከዚያ በኋላ በዱቄት ቅመም ላይ ዓይን በዝቷል።

እንጀራ ላይ ሌላ ነገር አለ። ስንዴ ከተቀላቀለ ማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት፤ ስንዴ ከዘጠኙ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው። «ግሉተን የለውም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ከሚሊዮን 20 እጅ በታች መሆን አለበት። ሰሊጥም ከጃንዋሪ 1፣ 2023 ጀምሮ ዘጠነኛው ሆኗል። ቋንጣን ተዉት፤ የሥጋ ጉዳይ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ኢትዮጵያም ሥጋ ወደ አሜሪካ እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም።

አንድ አቅራቢ ጥፋት ሲገኝበት «ኢምፖርት አለርት» የሚባለው ዝርዝር ላይ ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ገና ሳይፈተሽ ይታገዳል፤ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጠው ባለቤቱ ነው። የአቅራቢ ማረጋገጫ መዝገብ የሌለው አስመጪም ራሱ የሚገባበት ዝርዝር አለ፤ ቁጥሩ 99-41 ነው። በርበሬ መጋዘን ውስጥ ሊጠብቅ ይችላል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ እንጀራ ግን ደብዳቤ እስኪመላለስ ይሻግታል።

ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁት

አንደኛ፦ አስመጪ ተብሎ የሚሞላው የማን ስም ነው? የእነሱ ከሆነ በጽሑፍ ፈርመው ይስጧችሁ። የእናንተ ከሆነ የምትገዙት ምክር መሆኑን እወቁት።

ሁለተኛ፦ ሥራውን የሚሠራው ብቁ ባለሙያ ማነው? ደንቡ የሚገመግመውን መዝገብ ቋንቋ ማንበብና መረዳት አለበት ይላል። የወፍጮ ቤቱ የጽዳት መዝገብ በአማርኛ ከሆነ ማን ነው የሚያነበው? ይቺን ስትጠይቁ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

ሦስተኛ፦ «በርበሬ እንዴት እንደሚዘጋጅ ንገረኝ፣ ጀርሙ የሚሞተው የቱ ጋ ነው?» በሏቸው። ለብስኩት የጻፉትን ወረቀት ስሙን ቀይረው ከሰጧችሁ ተሰናበቱ።

አራተኛ፦ ምን ትከታተላላችሁ፣ በስንት ቀን አንዴ? ለሁሉም የሚበተን ጋዜጣ መላክ ክትትል አይደለም። የእናንተ አቅራቢ ስም ወይም የእናንተ ዓይነት ዕቃ ዝርዝር ላይ ሲወጣ ስልክ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል።

አምስተኛ፦ ዓመታዊ ሽያጬ ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ? የሦስት ዓመት አማካይ የምግብ ሽያጫችሁ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ከሆነ (በዋጋ ንረት ይስተካከላል) «በጣም አነስተኛ አስመጪ» ናችሁ። ሙሉ የአደጋ ጥናት አይጠበቅባችሁም። በዚህ መጠን ውስጥ መሆናችሁን በየዓመቱ መዝግባችሁ፣ ከአቅራቢው ደግሞ ቢያንስ በየ2 ዓመቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ትይዛላችሁ። ይህን ሳይጠይቅ ትልቁን ጥቅል የሚሸጥላችሁ ድርጅት ለኪሱ ነው የሚያስበው።

ስድስተኛ፦ መዝገቡ የማን ነው? በጥቅሉ ለ2 ዓመት መቀመጥ አለበት። ውሉ ሲፈርስ ሙሉ ቅጂው እጃችሁ ይግባ።

ሰባተኛ፦ ዕቃ ሲያዝ ምን ታደርጋላችሁ፣ ሒሳቡስ ለብቻ ነው? ላቦራቶሪው፣ መጋዘኑ፣ ከኤፍዲኤ ጋር መጻጻፉ፤ ሁሉም ውሉ ላይ በዝርዝር ይጻፍ።

ቀድማችሁ በነፃ የምታገኙት

የኢምፖርት አለርቱ ዝርዝር ኤፍዲኤ ድረ ገጽ ላይ ክፍት ነው። የአቅራቢያችሁን ስም ዛሬ ማታ ፈልጉት። እንዳይገቡ የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር በየወሩ ይወጣል፤ ከገበያ የሚሰበሰቡ ምግቦችን ማስታወቂያ በኢሜይል መመዝገብ ይቻላል። ዕቃችሁ የት እንደደረሰ የምታዩበት አይታክስ የሚባል ገጽም አለ። ደንስ ቁጥርም ለዚህ ጉዳይ በነፃ ይወጣል። እነዚህን ብቻ ይዞ «ክትትል» እያለ በየወሩ የሚያስከፍል ሰው ካለ የሚሸጥላችሁ የራሳችሁን ነው።

የምትሸሹት

«ኤፍዲኤ ያጸደቀን» የሚል። «ዕቃችሁ እንደሚያልፍ ዋስትና እንሰጣለን» የሚል። ሰርተፊኬት የሚሸጥ። ደግሞም «ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው እናገናኛችሁ» የሚል። ለግል የሚበላ በርበሬ ሻንጣ ውስጥ ይዞ መምጣትና አምጥቶ መሸጥ ለየቅል ናቸው፤ ለግል የተባለው መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ንግድ ነው።

ወዳጄ አሁን መዝገቡን ከመጀመሪያው እየሠራ ነው። በርበሬው ለጊዜው ቆሟል። ከአክስቱ ልጅ ጋርም እንደ ድሮው አይደሉም፤ እኔን ያሳዘነኝ እሱ ነው። ዝምድናውን ያበላሸው ግማሽ ቀን ተቀምጦ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ነው።

ወገኖቼ፣ ለእነዚህ ድርጅቶች ስትከፍሉ የምትገዙት ዓይን ነው። ሸክሙ ግን ስሙ የተጻፈው ሰው ትከሻ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከቻላችሁ ቀድማችሁ ራሳችሁ አንብቡት፣ ያልገባችሁን ባለሙያ ጠይቁ፣ ከዚያ ፈርሙ። ዘመድ ስም የለመነበትን ሰው ካወቃችሁ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። ቸር እንሰንብት።