በአር የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ያልተሰላ አርጉመንትን መያዝ

አር ለስታቲስቲክስ ስሌትና ለግራፍ ሥራ የሚያገለግል፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጀንትልማን የተጀመረ ሲሆን፣ 1.0.0 የተሰኘው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ሆኗል። ይህ መረጃ ለአንድ ፋንክሽን የተሰጠ አርጉመንት፣ ማለትም ግብዓት፣ ከመሰላቱ በፊት እንዴት እንደሚያዝና አሠራሩ የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ያብራራል። የትዕዛዞቹ ስሞች በፕሮግራሙ ውስጥ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ሲሆን፣ እዚህ በንባባቸው ቀርበዋል።

ምንነቱ

በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ፋንክሽን ሥራውን የሚጀምረው አርጉመንቶቹ ተሰልተው ካለቁ በኋላ ነው። በአር ግን አርጉመንት የሚሰላው ፋንክሽኑ ውጤቱን በሚፈልግበት ጊዜ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ የተጻፈው ሐረግ እንዳለ ይቆያል፤ በመሆኑም ፋንክሽኑ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ሐረጉን ራሱን ማግኘት ይችላል።

ለምሳሌ በደቡብ ጎንደር ዞን በሐሙሲት ከተማ የእህል ዋጋ የሚመዘግብ ባለሙያ፣ የጤፍን የኩንታል ዋጋ ወደ ኪሎ ለመለወጥ «የኩንታል_ዋጋ / 100» የሚል ሐረግ ለፋንክሽን ሰጠ እንበል። የኩንታሉ ዋጋ 12,000 ብር ቢሆን ውጤቱ 120 ይሆናል። ቁጥሩ ብቻውን ከምን እንደተገኘ አያመለክትም፤ ሐረጉ ግን ያመለክታል። ሐረጉ ተይዞ በሠንጠረዡ ላይ በርዕስነት ከተጻፈ፣ አንባቢው አሃዙ የኪሎ እንጂ የኩንታል ዋጋ አለመሆኑን ይረዳል። «ፕሎት» የተባለው የግራፍ ትዕዛዝ ለአግድምና ለቋሚ መስመሮቹ ስያሜ የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው።

ዋና ዋና ትዕዛዞች

• ሰብስቲትዩት፦ ለአርጉመንቱ የተሰጠውን ሐረግ ሳያሰላ ይመልሳል።
• ዲፓርስ፦ የተያዘውን ሐረግ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል።
• ማች ኮል፦ ፋንክሽኑ የተጠራበትን ሙሉ ትዕዛዝ ይመልሳል።
• ኤቫል፦ የተያዘውን ሐረግ ያሰላል፤ ስሞቹንም በተሰጠው ሠንጠረዥ ውስጥ እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

1. ሐረጉ መያዝ ያለበት በፋንክሽኑ መጀመሪያ ላይ ነው። አርጉመንቱ በፋንክሽኑ ውስጥ ሌላ እሴት ከተሰጠው በኋላ ሰብስቲትዩት የሚመልሰው አዲሱን እሴት እንጂ ተጠቃሚው የጻፈውን ሐረግ አይደለም።

2. አንድ ፋንክሽን አርጉመንቱን ለሌላ ፋንክሽን ሲያስተላልፍ፣ ሁለተኛው የሚይዘው በመጀመሪያው ውስጥ ያለውን ስም ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሠንጠረዡ ትርጉም የሌለው ርዕስ ሊይዝ ይችላል። መፍትሔው ሐረጉን በመጀመሪያው ፋንክሽን ይዞ ርዕሱን በጽሑፍ መልክ ማስተላለፍ ነው።

3. ኤቫል አንድን ስም በሠንጠረዡ ውስጥ ካላገኘ ከሠንጠረዡ ውጭ ይፈልጋል። ተመሳሳይ ስም ውጭ ካለ የስሕተት መልእክት ሳይታይ የተሳሳተ አሃዝ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው ዓምድ በሠንጠረዡ ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። «ሰብሴት» የተባለው መምረጫ ትዕዛዝም በዚሁ መንገድ ስለሚሠራ፣ በፕሮግራም ውስጥ በቅንፍ የሚደረገው መደበኛ ምርጫ ተመራጭ ነው።

4. ከአመልካቾች ቅጽ የተገኘን ጽሑፍ ወደ ሐረግ ለውጦ በኤቫል ማስላት አይገባም። በጽሑፉ ውስጥ ፋይል የሚያጠፋ ትዕዛዝ ቢኖር ኮምፒዩተሩ ይፈጽመዋል።

የተያዘ ሐረግ የአሃዙን ምንጭ ያሳያል እንጂ የአሃዙን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። በመሆኑም ሠንጠረዥ ለሕዝብ ከመሰራጨቱ በፊት ርዕሱም አሃዙም ከመነሻው መዝገብ ጋር ሊመሳከር ይገባል።