ፍሪሲዮን ቀስ! የመኪና አስተማሪዎቻችን ታሪክ ከሽሮ ሜዳ ዳገት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ዳገት የምታውቁ ይህን ትርኢት ታውቁታላችሁ። ጀርባዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት አሮጌ ኮሮላ እያቃሰተች ትወጣና ልክ እኩሌታው ላይ ድርግም ብላ ትጠፋለች። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ይለቀዋል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እዚህ የማንጽፈውን ይናገራል። ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች አጎንብሰው በመንገዱ ዳር ቁልቁል ይወርዳሉ። መሪ የጨበጠው ልጅ ላብ በላብ ሆኗል። ያን ጊዜ ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ተዋቸው፣ ቢቸኩሉ ይብረሩ። ፍሬን ያዝ። አስነሳ። አሁን ፍሪሲዮን ቀስ...» ይላል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰውዬ ነው።

እኛ ጉለሌ ያደግን ልጆች መንዳት የተማርነው ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው። መንጃ ፈቃዳችንን ኪሳችን ከትተን ስንለያቸው ግን ሙያቸው ከየት እንደመጣ፣ እንዴትስ እንጀራ እንደሚሆን ጠይቀን አናውቅም። እስቲ ዛሬ እንጠይቅ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሳና የመኪና መንገድ የሚባል ነገር በሌለበት አገር አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። (ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ ጉዞውን በ1913 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥቶታል።) ከዚያ ቀደም ከተማው የሚያውቀው በራሱ የሚሄድ ጉድ ቢኖር የአርመኑ ሰርኪስ ቴርዚያን የእንፋሎት ማሽን ነበር፤ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው። ዳግማዊ ምኒልክ መኪናዋን አይተው ብቻ አልቀሩም፣ ተሳፈሩባት። በአፍ ታሪካችንም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሾፌር የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ወሬው እውነት ከሆነ የአገሪቱ የመጀመሪያው ለማጅ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ ማለት ነው። «ፍሬን ይያዙ እንጂ ጃንሆይ!» ብሎ የሚጮህ አስተማሪ መቼም አይገኝ፤ የመጀመሪያው አስተማሪያችን በጣም ትሑት ሰው ሳይሆን አይቀርም!

በዚህ ብቻ ወደኋላ ቀርተናል ብላችሁ አትዘኑ። እንግሊዞቹ ራሳቸው የታወቀውን የብሪታንያ የመኪና ማስተማሪያ ትምህርት ቤት የከፈቱት በ1910 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመንጃ ፈተናን ግዴታ ያደረጉት ደግሞ በ1935 ነው። ያ ዓመት ጣልያን እኛን የወረረበት ዓመት ነው።

ጣልያን ከካሚዮኑ ጋር ቃሉንም ይዞ መጣ። የመኪና አስተማሪ አፉን በከፈተ ቁጥር ሳያውቀው ጣልያንኛ ያወራል፦ መኪና፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ኮፋኖ። «ፍሬቻ አሳይ!» ሲላችሁም «ቀስት አሳይ» ማለቱ ነው። «ሾፌር» ግን ከፈረንሳይ ነው፤ የጥንት ትርጉሙ እሳት የሚያነድ ሰው ማለት ነው፣ መኪና በእንፋሎት ይሄድ ከነበረበት ዘመን የቀረ። ለሰርኪስ ባቡር እንጂ ለኮሮላ የሚስማማ ስም አይደለም። ቢሆንም ለምደነዋል።

ከጣልያን መውጣት በኋላ ለብዙ ዘመን የአገራችን ትልቁ የመንጃ ትምህርት ቤት ስምም ሕንፃም አልነበረውም። የካሚዮን ረዳትነት ይባላል። ወጣቱ ከአንድ ሾፌር ጋር ይጠጋል። ጎማ ይፈታል፣ ራዲያተር ውኃ ይሞላል፣ ጭነት ላይ ያድራል፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ወርዶ ታኮ ያደርጋል። ሾፌሩ ደስ ካለው ሜዳ ላይ፣ እንቅልፍ ሲያስቸግረው፣ «ና እስቲ ያዛት» ይለዋል። በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም በሚወጣው መንገድ ዳር ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ሾፌር አጎት ወይም ጎረቤት አያጣም። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሾፌር ወጥቶበታል። ችግሩ ግን ተማሪው የመምህሩን ስድብም ኩርኩምም አብሮ መውረሱ ነው። ዛሬም አንዳንድ አስተማሪ ሠልጣኙ ማርሽ ሲስት እጁን መታ የሚያደርገው ከዚያ የመጣ ልማድ ይመስለናል። እኛ መካከል አንዷ በዚህ ምክንያት ልምምዷን ለስድስት ወር አቋርጣለች።

አንድ ቀን ደግሞ አገሩ ሁሉ ለማጅ ሆኖ ነበር። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያ የምትነዳው በግራ በኩል ነበር። ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ተዛወረች። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እጁና ዓይኑ የለመዱትን ሁሉ ገልብጦ መጀመር ነበረበት። እግረኛውም እንዲሁ፤ መንገድ ሲሻገር አስቀድሞ የሚያይበት አቅጣጫ ተቀየረ። አባቶቻችን ይህን እንዴት እንደተወጡት ስናስብ ይገርመናል። እኛ እኮ አንድ መንገድ ባለ አንድ አቅጣጫ ሲሆን ሳምንት ሙሉ እናማርራለን።

ከዚያ ወዲህ ሰይቼንቶ መጣ፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት «ውይይት» መጣ፣ ላዳ መጣ፣ ሚኒባስ መጣ። መንጃ ፈቃዱ በደረጃ ነበር፤ «ሦስተኛ አለኝ»፣ «አምስተኛ አወጣሁ» ይባል ነበር። አምስተኛ ያለው ሰው ሰፈር ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል፤ ሚስት ሲጠይቅም ሽማግሌ አይቸግረውም። በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 600 ወጣና ደረጃው ቀርቶ አውቶሞቢል፣ ታክሲ፣ ሕዝብ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት እየተባለ በዓይነት ተከፈለ። ማሠልጠኛ ተቋማትም በሕግ ቦታቸውን ያዙ። በ2010 ዓ.ም. ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1074 ተተካ። ያኔ ነው እንግዲህ የድሮው ረዳት ልጅ «አሠልጣኝ» የሚል የሥራ መታወቂያ አንገቱ ላይ ማንጠልጠል የጀመረው።

ታዲያ በዚህ ሥራ ሰው ያልፍለታል ወይ? ያልፍለታል፣ ግን በቀስታ ነው። በሠፈራችን ያየናቸው አሠልጣኞች አብዛኞቹ የጀመሩት በሰው መኪና፣ በትንሽ ደመወዝ ነው። ቀኑን ሙሉ የራሳቸው ባልሆነ ስህተት ይጨነቃሉ፤ ቀኝ እግራቸው ከወንበራቸው ሥር ካለችው ሁለተኛ ፍሬን ላይ አይነሳም። ማታ ቤታቸው ሲገቡም ሶፋ ላይ ፍሬን ይይዛሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ከመካከላቸው ስም ያወጡት የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አስተውለናል። ሠልጣኙን ሜዳ ላይ በተተከሉ ዘንጎች መሃል ብቻ አዙረው ለፈተና አያስረክቡም። ቶሎ ብለው ዳገት ያወጡታል። ዳገት ላይ ሁሉም ነገር ይወጣል፦ ፍርሃት፣ ችኮላ፣ ጉራ። ባላንስ መያዝ የቻለ፣ መኪናዋ በፍሪሲዮን ላይ ስትንቀጠቀጥ እግሩ ሥር የተሰማው ልጅ፣ ከዚያ በኋላ በራሱ ይተማመናል። ይሄ ልጅ ቤቱ ሲገባ ለእህቱ ይነግራል፤ እህቱ ለመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ። ማስታወቂያቸው ይኸው ነው። ከዚያ በእቁብ አንድ ቪትዝ ወይም አንድ አሮጌ ኮሮላ ይገዛል፣ መኪናዋን ለተቋም ያከራያል፣ ቅዳሜና እሁድ መንጃ ፈቃድ ይዘው መንገድ የሚፈሩትን ያለማምዳል። እነዚህ የኋለኞቹ ብዙ ናቸው!

ብዙ የሆኑበት ምክንያት ያሳፍራል። ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ መንጃ ፈቃድ መንዳት ሳይችሉ የሚያገኙ ሰዎች አሉ። ከእኛ አንዱ ልምምድ በጀመረበት ስሙን በማንጠራው ቦታ ሁለተኛው ቀን ላይ «ፈተናውን ለእኛ ተወው» ተብሎ ዋጋ ተነግሮታል። አሠልጣኙን ሲያማክረው ሰውዬው ዝም ብሎ ቆየና፣ «ክፈልና ውሰድ፣ ግን እኔ ሰፈር አትንዳ፤ ልጆች አሉኝ» አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ለኢትዮጵያ የገመተው የመንገድ አደጋ ሞት ከ100,000 ሰው 26.7 ነበር። ያንን ቁጥር ስናይ ያ መልስ ትዝ ይለናል። ጓደኛችን አልከፈለም። ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው አለፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ የወደቀው ወደ ኋላ ሲገባ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የከተማው መኪና ፊቱ እየተለወጠ ነው። ኤሌክትሪኩ ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሽ የለው፣ ዳገት ላይ አይጠፋ። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ስም ያወጣ አሠልጣኝ ነገ ምን ሊያስተምር ነው? አንዳንዶቹ ይቀልዳሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ከልባቸው ፈርተዋል። እኛ እንኳ የምንለው ከተጠየቅን፣ ከዳገቱ ትምህርት ፍሪሲዮኑ ግማሹ ነው። ከኋላ ጡሩምባ እየጮኸ፣ ከፊት ጭራሮ የተሸከመች እናት እያለች አለመቸኮልን ባትሪ አያስተምርም። ግን ይህን ስንል አሠልጣኞቹ እንጀራቸው ላይ ነው የምንፈላሰፈው፤ ለእኛ ቀላል ነው።

በቅርቡ ከእኛ የአንዱ ወንድም ኤሌክትሪክ መኪና ገዛና ሊያሳያቸው ወደ ቀድሞው አሠልጣኛችን ይዟት ሄደ። ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩዋት፣ ኮፋኖዋን አስከፍተው አዩ፣ «ሞተሯ የታል?» አሉ፣ ሳቁ። ከዚያ መሪው ጋ ገቡና ዳገቱን ጀመሩ። እኩሌታው ላይ ከፊታቸው የሚኒባስ ወረፋ ነበርና ቆሙ። መንገዱ ሲከፈት ግራ እግራቸው ተነሳና ባዶውን ወለል ረገጠ። አንዴ ደገሙት። ልጁ ከጎናቸው ሆኖ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «የለም ጋሼ፣ በቀኝ እግርዎ ብቻ... ቀስ» አላቸው።