መድን ጣርማ በር የደረሰው ስንት ዘመን ዘግይቶ ነው?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ የጭነት መኪና ጣርማ በር ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሸነቆረውን ዋሻ አልፎ በጠመዝማዛው ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ወደ መንዝ የሚያስገባው መገንጠያም እዚሁ አካባቢ ነው። ፍሬን እምቢ ካለ አደጋው የባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ በግ የሚነዳ እረኛና ገበያ የምትሄድ እናትም ከመንገዱ ዳር አሉ።

መድን ወደ አገራችን ሲገባ ግን እነሱን አላሰበም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ የውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የባሕርና የእሳት መድን ይሸጥ ነበር። ደንበኛው ነጋዴ፣ የሚጠበቀውም ዕቃ ነበር።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ። በአንቀጽ 2081 መሠረት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። ለመድን ወኪሎች ከዚህ የተሻለ ማሳመኛ አልነበረም፦ «ሹፌርህ ቢገጭ ከፋዩ አንተ ነህ።» ሆኖም መግባት አለመግባቱ የባለመኪናው ፈቃድ ነበር። መድን የሌለው ባለመኪና አቅም ካነሰው ተጎጂው የፍርድ ወረቀት ታቅፎ ይቀራል፤ አለዚያም በሽማግሌ በተቆረጠለት ካሳ ይታረቃል።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹን ወረሰ፤ በዓመቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. ገበያው ለግል ኩባንያዎች ተከፈተ። መንግሥት ሲቀያየር የመንገድ ዳሩ ሰው ጉዳይ እንደነበረ ቆየ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው። በ2005 የተተካው አዋጅ ቁጥር 799 እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና፣ ለሞት ደግሞ እስከ 40,000 ብር ካሳ ደነገገ። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና ተጎጂም የመድን ፈንድ ተቋቋመ።

ከዚያ ወዲህ የወኪሉ ሥራ ቀለለ። ያለ ሦስተኛ ወገን ቦሎ ስለሌለ ደንበኛው ራሱ ይመጣል። ችግሩ ገዢውና ተጠቃሚው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ገዢው ከተማ ውስጥ ተለጣፊውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይሄዳል። ተጠቃሚው መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ያለ ገበሬ ነው፤ መብቱን የነገረው ግን ማን ነው? ዋስትና መኖሩን የማያውቅ ተጎጂ ካሳ አይጠይቅም፤ ያልተጠየቀ ካሳ ደግሞ ኩባንያው ካዝና ውስጥ ይቀራል።

መድን ከባንክ ቤት ጣርማ በር እስኪደርስ መቶ ዓመት ፈጅቶበታል። ከጣርማ በር እስከ ገበሬው ደጅ ያለው መንገድ ያን ያህል ሊረዝም አይገባም።